የአባባ ሸክላና የልጆች ፊልም በአንድ ሳሎን



የኢሉባቦርን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጎሬም ሆነ መቱ፣ ሁሩሙም ሆነ ያዮ፣ ክረምት ከገባና ቆርቆሮው መደብደብ ከጀመረ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው የሚናገረው አይሰማም። ቡና የምታፈላዋ ልጅ «አቦሉ ደርሷል» ብትል የሚሰማት የለም፤ በእጇ ነው የምትጠራው። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ እኛም ቤት እንዲሁ ሆነ። ልጆቹ ፊልም እያዩ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ድምፁን ጨመሩ፤ ሲብስበት ደግመው ጨመሩ። ከዚያ ዝናቡ እንደ ልማዱ ድንገት ቀጥ አለ። ቤቱ ባንዴ በፊልሙ ጩኸት ተሞላ። መኝታ ቤት የተኛችው ሕፃን በርግጋ ነቃች፤ የጎረቤት ውሻ ጮኸ፤ ልጆቹ ሪሞቱን ፍለጋ የሶፋውን ትራስ ሁሉ ገለበጡት።

ባለቤቴ ምንም አልተናገረም። ከወንበሩ ተነሣ፤ ትንሿን ሬዲዮኑን ያዘ፤ ወደ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ።

እኔም «ደክሞት ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ስለ ሳሎን፣ ስለ ስፒከርና ስለ ዘፈን ልጽፍ የተነሣሁት ያን ማታ በማለፌ ነው። የጤና አምድ ላይ ይህ ምን ያደርጋል የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

ነገሩ የጀመረው በስጦታ ነው። አዲስ አበባ የሚሠራው ልጃችን ለበዓል ሲመጣ «ሆም ቴአትር» የሚባለውን ይዞልን መጣ፤ አምስት ትናንሽ ስፒከሮችና ባስ የሚያወጣ አንድ ሣጥን። ልጆቹ ጨፈሩ። እኔም ደስ አለኝ፤ ሳሎኑ ሲኒማ ቤት መሰለ። ታዲያ ቦታ ጠፋ። ቦታ ሲጠፋ ደግሞ የሚነሣው አሮጌው ዕቃ ነው። የባለቤቴ አምፕሊፋየር፣ ሁለቱ ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮችና የሸክላ ማጫወቻው ወደ ዕቃ ቤት ሄዱ። ዳንቴላቸውን እንኳ ሳንገፍ ነው የወሰድናቸው።

እነዚያን ዕቃዎች ባለቤቴ በአስተማሪ ደመወዙ ቆጥቦ የገዛቸው ናቸው። ለእኛ ዘመን ሰዎች ዘፈን እንዲህ እንደ ዛሬው ስልክ ሲነኩት የሚፈስ አልነበረም። ቴሌቪዥን በአገራችን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ቢሆንም ለብዙ ጊዜ የአዲስ አበባ ነገር ነበር፤ ለእኛ ሁሉ ነገራችን ሬዲዮ ነበር። መቱ የኢትዮጵያ ሬዲዮ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫ ስለነበራት በእሷ እንኮራ ነበር። ሸክላ ያለው ቤት ደግሞ የታወቀ ቤት ነው። ሸክላ የማሳተም መብት የአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በነበረበት ጊዜ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ደፍሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ «አምሃ ሪከርድስ»ን ከፈተ፤ ሸክላዎቹንም ውጭ አገር እያሳተመ ያመጣ ጀመር። ቀጥሎ «ካይፋ» መጣ። ባለቤቴ ከእነዚያ ዓመታት ጀምሮ የሰበሰባቸው የጥላሁን ገሠሠ፣ የማሕሙድ አሕመድ፣ የዓለማየሁ እሸቴና የአሊ ቢራ ሸክላዎችና ካሴቶች አሉት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዱን ያወጣል፤ በለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ይጠርጋል፤ ከዚያ ተቀምጦ ያዳምጣል። ሲያዳምጥ አያወራም። ይህ የቤታችን ሥርዓት ነበር።

ዕቃው ወደ ዕቃ ቤት ሲሄድ ሥርዓቱም አብሮ ሄደ። እኔ ግን አላየሁም።

ያሳየችኝ ጎረቤቴ ናት። አንድ ቀን ቡና ላይ «ጋሼ አመማቸው እንዴ? ሳሎን አላያቸውም» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው መቁጠር የጀመርኩት። እራቱን መኝታ ቤት መብላት ከጀመረ ሰንብቷል። ዜና የሚሰማው በትንሿ ሬዲዮን ነው። ልጆቹ «አባባ ደህና እደር» የሚሉት በበር ቀዳዳ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት በሽተኛ ሳይ፣ «ምግብ ይበላል? ከሰው ጋር ያወራል? ከቤት ይወጣል?» እያልኩ ስጠይቅ የኖርኩ ሰው የገዛ ቤቴን አልጠየቅኩም።

ማታ ገብቼ ጠየቅሁት። «ምን ሆነሃል?» አልኩት። «ምንም» አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን «እዚያ የሚወራው አይገባኝም፤ የእኔን እንዳልሰማ ደግሞ ቦታ የለኝም» አለኝ።

በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ችግር አለ። አንዱ የጆሮ ነው፤ ሌላው የቦታ። ሁለቱንም ለየብቻ መፍታት ነበረብን።

መጀመሪያ ጆሮው

«እዚያ የሚወራው አይገባኝም» የሚለው ቃል ለጤና ባለሙያ ትልቅ ምልክት ነው። ልብ በሉ፤ «አይሰማኝም» አላለም፤ «አይገባኝም» ነው ያለው። በዕድሜ ምክንያት የሚመጣ የመስማት ድካም እንዲህ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ የሚሄዱት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው። ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት የሚሉት ፊደላት የሚለዩት በእነዚህ በቀጫጭኖቹ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ሰው እንደሚናገር ይሰማል፤ «ሰባት» ይበል «ሰባራ» ግን አይለይም። ሰዎች «ሲፈልግ ይሰማል፤ ሳይፈልግ አይሰማም» ብለው ይስቁበታል። እሱም እንዳይሳቅበት ከሰው ይሸሻል።

እዚህ ላይ ድምፅ መጨመር ለምን እንደማይረዳ እወቁ። ሪሞቱን ስትጫኑት ወፍራሙም ቀጭኑም እኩል ይጨምራል። ባሱ ደህና ለሚሰማው ጆሮ ይበልጥ ይጮኽበታል፤ ንግግሩ ግን እንደተሸፈነ ይቀራል። ትናንሾቹን ስፒከሮች ከባስ ሣጥን ጋር ስንገዛ የሆነውም ይኸው ነው፤ ጩኸቱ በዛ፣ ቃሉ ጠፋ። መፍትሔው ባሱን መቀነስና ንግግሩን ጥርት ማድረግ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉንም በዕድሜ ማሳበብም ስሕተት ነው። ባለቤቴን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ጆሮው ሲታይ አንደኛው በደረቀ ኩክ ተደፍኗል። በጠብታ ለስልሶ ታጠበ፤ የዚያኑ ዕለት በዚያ ጆሮ የሚሰማው ተሻሻለ። የቀረው የዕድሜ ነው። እባካችሁ፣ ጆሮ በክብሪት እንጨት፣ በፀጉር ሽቦ ወይም በጥጥ በተጠቀለለ እንጨት አይጎርጎር። ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ታምቡሩንም ሊበሳ ይችላል። ከጆሮው መግል የሚወጣ፣ ሕመም ያለው ወይም ከዚህ ቀደም ታምቡሩ የተበሳ ሰው ደግሞ ሳይታይ ጠብታም ውኃም አይጨመርበት።

ስለ ልጆችም አንድ ቃል ልበል። ሁልጊዜ ቴሌቪዥኑ ሥር ተጠግቶ የሚቀመጥ፣ ድምፅ የሚያስጨምር፣ ሲጠሩት የማይመልስ ልጅ ባለጌ ላይሆን ይችላል። የጆሮ ኢንፌክሽን ያደከመው ሊሆን ይችላልና ከመቆጣት በፊት አስመርምሩት።

የጠጋኙ ምክር

ቀጥሎ የቦታው ጉዳይ መጣ። ልጆቹ «አባባ ዘፈኑን በስልክ ይስማ» አሉ፤ እኔ ደግሞ «ፊልሙ ይቅር» ልል ምንም አልቀረኝ። ሁለታችንም አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባም ብለን አስበን ነበር። ያስታረቀን ከተማችን ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን አንድ ሽማግሌ ነው። ዕቃ ቤት ገብቶ የእንጨት ስፒከሮቹን በጣቱ መታ መታ አደረገና «እነዚህን ጥላችሁ ነው እነዚያን የሰቀላችሁት?» አለን። ከዚያ ያስረዳንን በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ።

ዘፈን በአብዛኛው የሚቀረጸው ለሁለት ስፒከር ነው፤ ለግራና ለቀኝ። ስቴሪዮ ማለት ይህ ነው። ሁለቱ በትክክል ከተቀመጡና አድማጩ መሐል ላይ ከተቀመጠ ዘፋኙ በሁለቱ መካከል ባዶ ቦታ ላይ የቆመ ይመስላል፤ ሳክስፎኑ ከአንድ ወገን፣ ክራሩ ከሌላው ይመጣል። ሆም ቴአትር ደግሞ ለፊልም የተሠራ ነው። ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሁለት፣ ተጨማሪ የባስ ሣጥን። የመሐለኛዋ ሥራ በአብዛኛው የሰው ንግግር ነው፤ የኋለኞቹ ዝናቡን፣ መኪናውን፣ የሕዝቡን ጫጫታ ያመጣሉ። ዘፈን በአምስቱም ሲበተን ዘፋኙ መቆሚያ ያጣል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን አንድ ጊዜ ሞክሮ «ጥላሁን ከጀርባዬ ምን ያደርጋል?» ብሎ የተወው ለዚህ ነው።

የነገሩ ፍሬ ግን እዚህ ላይ ነው። የፊልምም መሠረት ከፊት ያሉት ሁለቱ ናቸው። በዲሽ የምናያቸው የአገራችን ቻናሎች፣ በአማርኛ የተተረጎሙት ተከታታይ ድራማዎችም ጭምር፣ በአብዛኛው የሚመጡት በሁለት ድምፅ ነው። ስለዚህ ሁለት ጥሩ ስፒከር በትክክል ያስቀመጠ ቤት ዘፈኑንም ፊልሙንም አገኘ ማለት ነው። አምስት ደካማ ስፒከር የሰቀለ ግን ሁለቱንም አጣ። ከብዛት ሳይሆን ከሁለቱ ጀምሩ።

እንዲህ አደረግን። ቴሌቪዥኑን መሐል፣ ሁለቱን የእንጨት ስፒከሮች በግራና በቀኙ ሁለት ሜትር ያህል አራራቅናቸው። ሶፋውን ደግሞ ከእያንዳንዳቸው ከሁለት እስከ ሁለት ሜትር ተኩል አደረግነው። እንደ ጉልቻ ነው፤ ሦስቱ ማዕዘን ሚዛኑን ይጠብቃል። ስፒከሮቹ መሬት ላይ አይቀመጡም፤ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ትክክል እንዲሆኑ ጠንካራ ሣጥን ላይ ወጡ። ጥግ ውስጥ አልወሸቅናቸውም፤ ጥግ ባሱን ያሳብጠዋልና። ከግድግዳውም አንድ ሁለት ስንዝር ራቅ አልን።

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከአሮጌው አምፕሊፋየር ያገናኘነው ባንድ ርካሽ ገመድ ነው። አንዱ ጫፍ ቀጭን ሆኖ ቴሌቪዥኑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ጫፍ ቀይና ነጭ ሆኖ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ «ኦክስ» ወይም «ቴፕ» የሚለው ላይ ይሰካል። «ፎኖ» የሚለው ላይ ግን አትሰኩት፤ እሱ ለሸክላ ማጫወቻ ብቻ ነው፤ ቴሌቪዥን ቢሰካበት ድምፁ ይንኮሻኮሻል። አንዳንድ አዳዲስ ቴሌቪዥን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የለውም፤ «ኦፕቲካል» የሚባል በብርሃን የሚያስተላልፍ መውጫ ብቻ አለው። ለእሱ ትንሽ መለወጫ ሣጥን ያስፈልጋል፤ ቴሌቪዥኑም የድምፅ ማስተካከያው ውስጥ «ፒ.ሲ.ኤም.» በሚለው ላይ ይደረጋል። የቴሌቪዥኑን የራሱን ስፒከር አጥፉት፤ ሁለቱ አብረው ከጮኹ ቃሉ ይደበላለቃል። በብሉቱዝ ማገናኘት ይቀላል፤ ግን ድምፁ ሊዘገይ ይችላል፤ ተዋናዩ አፉን ከዘጋ በኋላ ቃሉ ይመጣል።

ጠጋኙ አንድ ነገር አስምሮ ነገረን። ወደ ስፒከር የሚሄደው ሽቦ ቀይና ጥቁር አለው። በአንደኛው ስፒከር ቀዩ ከቀይ፣ በሌላው ቀዩ ከጥቁር ከተገናኘ ሁለቱ ይጣላሉ፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ባሱ ይጠፋል፤ ዘፋኙም መሐል መቆሙን ትቶ ወዲያና ወዲህ ይበተናል። እኛ ቤት ለዓመታት እንዲህ ነበር የተሰካው። ሲስተካከል ባለቤቴ ቀና ብሎ «ይህን ክራር ሰምቼው አላውቅም» አለ።

የልጃችን ስጦታስ? አልጣልነውም፤ ቅር እንዲለው አንፈልግም። መሐለኛዋ ስፒከር ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ሁለቱ ከሶፋው ኋላ፣ ሌሎቹ ግድግዳ ላይ ሆነው ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ፊልም ሲያጫውቱ ይሠራሉ። የባስ ሣጥኑ ድምፅ ግን ከግማሽ በታች ወረደ። ትልልቆቹን ስፒከሮች ከዚያ ትንሽ መሣሪያ ጋር ለማገናኘት አልሞከርንም፤ አምፕሊፋየሩ ለእነሱ አልተሠራም፤ ሊቃጠል ይችላል። አዲስ የሚገዛ ሰው ግን ሌላ መንገድ አለው። አምስቱንም የሚነዳ፣ ስፒከሮቹ ለብቻ የሚመረጡበት አምፕሊፋየር ይግዛ፤ ገንዘቡን ከፊት ባሉት ሁለቱ ላይ ያውል፤ ሌሎቹን ቀስ እያለ ይጨምር። ዘፈን ሲሰማ «ስቴሪዮ» ወይም «ዳይሬክት» የሚለውን ቁልፍ ይጫን፤ ፊልም ሲያይ ሁሉንም ይክፈት። አንድ ቁልፍ ነው ልዩነቱ።

ክፍሉም መሣሪያ ነው

የእኛ አገር ሳሎን የሲሚንቶ ወለል፣ የተለሰነ ግድግዳ፣ የመስታወት መስኮት አለው። ባዶ ክፍል ውስጥ አጨብጭቡ፤ «ጣ» ብሎ ከቆየ ድምፁ እየተንከባለለ ነው ማለት ነው። የሰው ንግግርም እንዲሁ ይንከባለልና ቃላቱ ይደራረባሉ። ደካማ ጆሮ ያለው ሰው በዚህ ነው ይበልጥ የሚቸገረው። መድኃኒቱ ቤት ውስጥ አለ፤ ወፍራም መጋረጃ፣ ወለል ላይ ምንጣፍ፣ ከሶፋው ጀርባ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስጋጃ፣ መጽሐፍ የሞላ መደርደሪያ። እኛ ለጥቂት ቀን ጋቢ ሰቅለን ሞከርን፤ ልዩነቱ ሲሰማ ምንጣፍ ገዛን።

ለዝናቡ ግን መድኃኒት አላገኘሁም። ኮርኒስ ጥቂት ይቀንሰዋል፤ አያጠፋውም። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣን፤ ከዝናብ ጋር አንወዳደርም። ሲበረታ ድምፁ አይጨመርም፤ ይዘጋና ቡና ይፈላል። ሲያባራ እንቀጥላለን። በነገራችን ላይ ከዝናብ ጋር መብረቅ የሚመጣበት አገር ነው የእኛ። ሲያጉረመርም ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ሶኬቱም የዲሹም ገመድ ይነቀል። መብረቁ ጭንቅላታችን ላይ ሲደርስ ሳይሆን ገና ከሩቅ ሲሰማ።

ጩኸትና ጊዜ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ከአንድ ቢሊዮን ተኩል በላይ ሰው ጥቂትም ይሁን ብዙ የመስማት ችግር እንዳለበት ገልጿል። ከምክንያቶቹ አንዱና ልንከላከለው የምንችለው ጩኸት ነው። ጩኸት የሚለካው በዲሲቤል ነው። ሁለት ሰዎች በእርጋታ ሲነጋገሩ ወደ 60 ዲሲቤል ነው። ድርጅቱ ለአዋቂ ሰው የሚመክረው 80 ዲሲቤል ከሆነ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፣ 90 ዲሲቤል ከደረሰ ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። ለልጆች ደግሞ ከዚህ ዝቅ ማለት አለበት። ቁጥሩ ብዙ የጨመረ አይመስልም፤ ጊዜው ግን ወደ አንድ ዐሥረኛ ወረደ። 3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር የድምፁ ኃይል እጥፍ ስለሚሆን ነው።

መለኪያ የሌላችሁ እንዲህ አድርጉ። ክንድ ያህል ርቆ ከተቀመጠ ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፃችሁን ከፍ ካደረጋችሁ ጩኸቱ በዝቷል። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ጆሮ ላይ «ጭርር» የሚል ካለ ደግሞ አስቀድሞ በዝቶ ነበር። ጥሩ ስፒከር በትክክል ሲቀመጥ በዝቅተኛ ድምፅ ይጠራል፤ የዚህ ሁሉ ልፋት ትርፍም ይህ ነው። እኛ ቤት ዛሬ የሚደመጠው ከቀድሞው ዝቅ ብሎ ነው፤ የሚገባው ሰው ግን በዝቷል።

ስለ ደኅንነት ሁለት ነገር ልጨምር። ቴሌቪዥን በሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ። ልጅ መሳቢያውን እንደ መሰላል ይወጣበትና ላዩ ላይ ይወድቅበታል። ከግድግዳው ጋር እሰሩት፤ ገመዱንም ከልጅ እጅ አርቁ። ሁለተኛ፣ እናቶች ሆይ፣ ዳንቴላችንን ከአምፕሊፋየሩ ላይ እናንሣ። ላዩ ላይ ያለው ቀዳዳ ሙቀት መውጫው ነው፤ ከታፈነ ይቃጠላል። መብራቱ ከፍ ዝቅ ለሚልባቸው ከተሞቻችን ደግሞ ስታቢላይዘር ከአዲስ ስፒከር ይቀድማል።

ሰዓት መካፈል

ዕቃው ተስተካከለ ማለት ሰላም ወረደ ማለት አይደለም። አንድ ክፍል አንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ቡና ላይ ቁጭ ብለን፣ ልጆቹም እየተናገሩ፣ ሰዓት ተካፈልን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቡና ጋር የአባባ ሸክላ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ይዘጋል፤ ስልክም ዝም ይላል። ማታ የልጆቹ ፊልም ነው። ዜና የሁላችን ነው። ባለቤቴ ድራማ ሲያይ ጽሑፍ ያለው ከሆነ ጽሑፉ ይከፈትለታል፤ ንግግር ከሆነ ባሱ ይቀነሳል። ወንበሩም ተወሰነ፤ ከስፒከሮቹ እኩል ርቀት ላይ ያለው የመሐለኛው ወንበር ማንም ያልተቀመጠበት ቢሆን እንኳ የእሱ ነው።

ልጆቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ። አንደኛው «ሙዚቃና ፊልም አብረው አይሄዱም» አለኝ። እኔም እዚህ አገራችን ብዙ ሥራ የሠራውን የካርልሃይንዝ በምን ታሪክ ነገርኩት። «ሰዎች ለሰዎች» የሚባለውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 መሥርተው ኢሉባቦርን ጨምሮ በብዙ ቦታ የሠሩት እኚህ ሰው በወጣትነታቸው በአውሮፓ የታወቁ የፊልም ተዋናይ ነበሩ። አባታቸው ካርል በም ደግሞ ስመ ጥር የኦርኬስትራ መሪ ነበሩ። ፊልምና ሙዚቃ እንግዲህ በአንድ ቤት፣ በአባትና በልጅ መካከል ኖረዋል። ልጁ ምንም አልመለሰልኝም፤ ግን ቅዳሜ መጣ።

አሁን ሁሉ ነገር ሰመረ ልላችሁ አልችልም። የእግር ኳስ ቀን ባለቤቴ አሁንም ሬዲዮኑን ይዞ ይገባል፤ ዐሥር ወጣት ከነጎረቤቱ ሲጮህ ምንም ስፒከር አያስታርቅም። ራቱን ግን ሳሎን ይበላል። ባለፈው ቅዳሜ ሸክላውን ሲያስቀምጥ የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጃችን መጥታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። «አባባ፣ ሰውየው የት ነው ያለው?» አለችው። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ነው፤ ዘፋኙ ግን ከመሐል ይሰማል። በጣቱ ባዶውን ቦታ አሳያትና «እዚያ ቆሟል፤ ዓይንሽን ጨፍኚ» አላት። ጨፈነች። እሱም ጨፈነ።

በመስማት ድካም ምክንያት ከሰው መራቅ አእምሮንም መንፈስንም እንደሚጎዳ በሙያዬ አውቃለሁ። ለዚህ መድኃኒቱ ሁልጊዜ ሆስፒታል ውስጥ አይደለም። አንዳንዴ ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሶ ይገኛል። ቤታችሁ ውስጥ ከሳሎን የጠፋ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካለ ዛሬ ማታ ገብታችሁ ጠይቁ፤ ጆሮውን አስመርምሩ፤ ወንበሩንም መልሱለት።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።